የቴሌቪዥኑ አፍ

ሚስቴ ቅናተኛ ናት። ይህን ስል ከጀርባዋ እያማኋት እንዳይመስላችሁ፤ ፊት ለፊቷም ብያታለሁ፣ እሷም አልካደችም። ግን ቅናቷ እንደ ሌላው ሰው ቅናት አይደለም። ጎረቤት አዲስ ቤት ሲሠራ ዞር ብላ አታይም። እኔ አምሽቼ ብገባ ማን ጋ ነበርክ ብላ አትጠይቅም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ብትጠይቀኝ ደስ ባለኝ። የሚያንገበግባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ እየተናገረች ሰው ጆሮውን ወደ ሌላ ሲያዞር። ይኼ ሲሆን ቆሽቷ ያርራል።

የምንኖረው ኮረብታ ላይ ነው። ቋንቋችንን ከኛ በቀር የሚያውቀው የለም፤ ከተማ ወርደን ስንነጋገር ሰው ቆሞ ያየናል። የከተማውን ቋንቋ ደግሞ እኛ አናውቅም፤ እናውቃለን ካልንም ዋጋ ለመጠየቅና ይቅርታ ለማለት ያህል ነው። ከዓመታት በፊት የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዎች መጡና፣ ለገጠሩ ሕዝብ ልማት ነው ብለው አዳራሽ ሠሩልን። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ዘረጉ፤ ውስጥ ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀሉ። ሰሌዳውን እያጸዳሁ ባትሪውን እንድጠብቅ እኔን ቀጠሩኝ። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስለ ፍየል በሽታ፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ ስለ ክትባት የሚያወራ ዝግጅት ይተላለፋል ተባለ። ሁሉም ነገር ተሟልቷል። የተረሳው አንድ ነገር ነው፤ የሚያወራው በከተማው ቋንቋ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከረባት ያሰረ ሰውዬ ብቅ አለና መናገር ጀመረ። እኛም አፉን አፉን እያየን ተቀመጥን። ልጆቹ መንጫጫት፣ አሮጊቶቹ ማንቀላፋት ሲጀምሩ ሚስቴ ከኋላ ብድግ አለች። እሷ በልጅነቷ ከተማ አክስቷ ቤት ነበረች፤ ቋንቋውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች።

"ፍየሎቻችሁን እርጥብ መሬት ላይ አታሳድሩ ነው የሚለው" አለች።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። "ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ወደ ፊት ነይ እንጂ!" ተባለች። ሄዳ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ከዚያ ቦታ የነቀነቃት የለም። ጣቢያውም ወሬውን ሰማና የአዳራሹ አስተርጓሚ ብሎ ቀጠራት። ሰው ግን አስተርጓሚ አይላትም፤ "የቴሌቪዥኑ አፍ" ነበር የሚላት። ስትጠራበት አንገቷን ትሰብቃለች።

ስትተረጉም ታዲያ እንዲሁ አትተረጉምም። ሰውዬው "አርቢዎች በረታቸውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሥሩ" ሲል፣ እሷ "አንተ ወንዙ ዳር ያለኸው! በረትህን አንሣ ይልሃል፤ አምና ጎርፍ እንዴት እንዳደረገህ ሰምቷል" ትላለች። "እናቶች ልጆቻችሁን አስከትቡ" ሲል፣ "አሻፈረኝ፣ አንቺን ነው" ትላለች። አሻፈረኝ ጎረቤታችን ናት፤ እምቢ ማለት ስለምትወድ የራሷ ስም ተረስቶ ይኼ ጸና። በዚህ ዓይነት ሰዉ ሁሉ ባለከረባቱ እያንዳንዳችንን በዓይን የሚያውቀን መሰለው። የምሬን ነው! ሽማግሌው ንብ አንቢ ቀፎውን ጥላ ሥር አዛውሮ ማሩ በበረከተለት ጊዜ፣ "ይህቺን ለዚያ ልጅ ላኩልኝ፤ ያን ሁሉ ሰው ትቶ የኔን ቀፎ አሰበልኝ" ብሎ አንድ እንስራ ማር ተሸክሞ አዳራሹ ድረስ መጣ። ሚስቴ ዓይኗን በጨው አጥባ ተቀበለችው። ማሩ የተበላው እኛ ቤት ነው።

ሚጣ የምንላት ደግሞ ታናሽ እህቷ ናት። እናታቸው ስትሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር፤ ሚስቴ ከከተማ ተመልሳ አዝላ አሳደገቻት። እኔ ሚስቴን አግቢኝ ስላት ራሱ ሚጣ ጀርባዋ ላይ ሆና ጸጉሬን ትጎትት ነበር። የከተማውን ቋንቋ ያስተማረቻት ሚስቴ ናት። ተማሪ ብላ አዋክባ ወደ ከተማ የላከቻትም እሷው ናት። ሚጣ ተማረች፣ ጨረሰች፣ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ሥራ ያዘች አሉን። ሚስቴ በየቤቱ እየዞረች አወራች። ምን ሥራ ነው ሲሏት "የወረቀት ሥራ" ትላለች፤ ሥራው ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም ነበር።

ከዚያ አንድ የጣቢያው ሰው መጥቶ፣ ከሚቀጥለው ማክሰኞ ጀምሮ በራሳችሁ ቋንቋ ዝግጅት ይኖራል አለን። "ለሙከራ ነው። ሕዝቡ ይጠቅመናል ካለ ይቀጥላል፤ ካላለ ይቆማል።" አቅራቢዋ ማን እንደሆነች አልነገረንም።

ማክሰኞ ሚስቴ አዲስ ሻሽ አስራ የተለመደ ቦታዋ ላይ ቆመች። ቴሌቪዥኑ በራ፤ ሰማያዊ ኮት የለበሰች፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ያስያዘች ልጅ ፈገግ ብላ ብቅ አለች። ሚጣ! አዳራሹ በአንድ አፍ ጮኸ። እልል ያለ አለ፣ ወንበር ላይ የወጣ አለ። ሚጣ በኛ ቋንቋ፣ "ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ" አለች።

ሚስቴ ለዓመታት የለመደ አፏን ከፍታ፣ "ወገኖቼ፣ እንደምን ዋላችሁ ትላለች" አለች።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ገና አልነቃችም። ሚጣ "ዛሬ ስለ ጉድጓድ ውኃ እንነጋገራለን" ስትል እሷም ተከትላ "ዛሬ ስለ ጉድጓድ ውኃ…" ብላ ስትጀምር፣ አሻፈረኝ ከፊት ወንበር፣ "አንቺ ደግሞ ዝም በይ፣ እንስማበት!" አለቻት።

ክው አለች። እጇን የምታስቀምጥበት ጠፋት፤ አንዴ ሻሿን ትነካለች፣ አንዴ ግድግዳውን ትደገፋለች። ዝግጅቱ እስኪያልቅ እዚያው እንደተገተረች ቀረች፤ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላያትም። እቤት ስንገባ መጀመሪያ የተናገረችው፣ "ያ ኮት አይሆናትም" የሚል ነበር።

በነጋታው ግን ትንሽ ደስታ አገኘች። ሰዉ ቅር ብሎት ነበር። አሻፈረኝ አጥራችን ላይ ተደግፋ፣ "ሚጣ ተጣልታናለች እንዴ? ያን ሁሉ ስታወራ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችኝም። ባለከረባቱ እኮ ሳይጠራኝ ውሎ አያውቅም" አለች። ሽማግሌውም እንዲሁ፣ "ከተማ ከገባች ረሳችን፤ እሱ ይሻላል፣ ያውቀናል" አለ። የሚስቴ ልብ ቅቤ ጠጣ። ያን ቀን ሻይ ስታፈላ ታንጎራጉር ነበር።

ደስታዋ ግን ሦስተኛውን ዝግጅት አልተሻገረም። ሰው የሚባለውን በራሱ ጆሮ ስለሚሰማው፣ ከአዳራሹ ሲወጣ እየተከራከረ መሄድ ጀመረ። እንዲህ ነው ያለችው፣ አይደለም እንዲህ ነው እየተባባለ ጉድጓዱ ድረስ ሄዶ ያያል። ልጆች ኮት መሳይ ነገር ለብሰው "ወገኖቼ!" እያሉ ይጫወታሉ። አንዷ የወለደቻትን ሴት ልጅ ሚጣ አለቻት። ሚስቴ ይህን ስትሰማ የምታጥበውን ድስት አስቀምጣ፣ "ለዓመታት ስጮህ አንድ ድመት እንኳ በስሜ አልተጠራም" አለች።

ከሁሉ የከፋው የአሻፈረኝ ነገር ነው። አሻፈረኝ ልጆቿን አላስከትብም ብላ ሚስቴን አንገብግባታለች። ሚስቴ ለምናታለች፣ ተቆጥታታለች፣ ጤና ጣቢያ ድረስ እኔ እሸኝሻለሁ ብላታለች፤ የአሻፈረኝ መልስ ሁልጊዜ ስሟ ነው። ሚጣ ስለ ኩፍኝ አንድ ጊዜ አወራች። በማግስቱ አሻፈረኝ ሦስቱንም ልጆቿን አሰልፋ በደጃችን አልፋ ወደ ጤና ጣቢያው ወረደች።

"ወዴት ነው?" አለቻት ሚስቴ።

"ላስከትብ! ሚጣ ስትናገር አልሰማሽም?"

ሚስቴ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። "እኔ እግሬ እስኪቀጥን ተመላልሼ፣ እሷ በሩብ ሰዓት!" አለች። ልጆቹ መከተባቸው ደስ አይልሽም ወይ ስላት፣ "ደስ ይለኛል" አለችና ትራሱን እያስተካከለች፣ "ግን በኔ ቢሆን ኖሮ የበለጠ ደስ ይለኝ ነበር" አለች። ውሸት የማታውቅ ሴት ናት፤ ያኔ እንዲህ ነበር የምለው።

ማክሰኞና ዓርብ አዳራሽ መምጣት ተወች። ራሴን አሞኛል ትላለች። እኔ ስመለስ ግን በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። "ምን አለች ደግሞ ዛሬ?" ነገርኳት ስል ዝርዝሩን ትፈልጋለች፤ ምን ለብሳ ነበር፣ ሰው ብዙ ነበር ወይ፣ ማን ሳቀ። በመጨረሻ ሁልጊዜ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። "ስለኔ ያነሳችው ነገር የለም?" የለም እላታለሁ። ሚጣ በስልክ የጣቢያው ሕግ ነው፣ የዘመድ ስም አይነሳም ብላ አስረድታታለች፤ ግን ሕግ ሆድ የባሰውን ሰው ያባብላል?

እንዲህ እንዳለን ጣቢያው ሁለት ሰዎች ላከ። አንደኛዋ ባለመነጽር ሴት፣ ሌላው ድምፅ መቅረጫ ያንጠለጠለ ዝምተኛ ወጣት። የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ ሕዝቡን አነጋግረን ዝግጅቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን እንወስናለን አሉ። የሚያናግሩን በከተማው ቋንቋ ነው። ማን ያስተርጉም? አስተርጓሚ የምትባል ሠራተኛቸው ያለችው አንዲት ናት።

ሚስቴ መጥታ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ቆመች። ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቶ ነበር። እኔ የከተማውን ቋንቋ ስለማልሰማ ያኔ የገባኝ ግማሹ ብቻ ነው፤ ሌላውን ኋላ ራሷ ነግራኛለች። ስለዚህ የተባለውን ከነትርጉሙ ላስቀምጠው።

ባለመነጽሯ ዝግጅቱን ትወዱታላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው ተነስቶ፣ "እንዴት አንወደው? ልጃችን አይደለች እንዴ!" አለ።

ሚስቴ፣ "ልጃችን ስለሆነች እናያታለን ይላሉ" ብላ ተረጎመች። ገና ብዙም አልዋሸችም፤ ከጫፉ ነው የቆረጠችው።

አሻፈረኝ ተነሳች። "እኔ ልጆቼን ያስከተብኩት በእሷ ነው። እሷ ስትናገር ቤቴ ገብታ አጠገቤ የተቀመጠች ነው የሚመስለኝ። ይኼ ነገር ቢቆም በበኩሌ እጣላችኋለሁ!"

ሚስቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። በዚያች ሰዓት ምን ተሰማሽ ብዬ ኋላ ጠይቄያት፣ "በእሷ ነው ያለችው ነገር እዚህ ጋ ተሰነቀረብኝ" ብላ ደረቷን አሳየችኝ። ከዚያም ለባለመነጽሯ፣ "ልጆቻችንን ድሮም እናስከትብ ነበር፤ እሷ የጨመረችልን ነገር የለም ትላለች" አለቻት።

ባለመነጽሯ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቀች። ከድሮው፣ በአስተርጓሚ ከነበረውና ከአሁኑ የቱ ይሻላችኋል? ሚስቴ ይህን ሳትቀንስ ሳትጨምር ነው ወደኛ የተረጎመችው፤ መልሱን ፈልጋው ነበር።

ሽማግሌው ሳቀ። "የድሮው ጨዋታው አይረሳም። ግን የአሁኑ ይሁንልን። ይህቺ ልጃችንም ትረፍ፤ ስንት ዘመን ስለኛ ጮኸች፣ ጉሮሮዋ አያሳዝንም?" አለና ወደ ሚስቴ ዞሮ አጨበጨበላት። ሰዉም ተቀበለው። "ትረፍ! ትረፍ!" እያለ አዳራሹ በጭብጨባና በሳቅ ተናወጠ። ሰዉ የልቡን ነው፤ እያመሰገናት ነበር። እሷ ግን ከዚያ የከፋ ስድብ ተሰድባ አታውቅም።

"ምን አሉ?" አለች ባለመነጽሯ።

"የድሮው ይሻለናል አሉ።"

"የሚያጨበጭቡትስ?"

"ለድሮው ነው" አለች ሚስቴ።

እንግዶቹ ሄዱ። ያን ሰሞን ሚስቴ ሌላ ሰው ሆነች። ያለ ወትሮዋ ቤቱን ገለባብጣ አጸዳች፤ የማይሰፋውን ሁሉ ሰፋች። ከሰው ጋር ስታወራ ቸኩላ ትስቃለች። ባለከረባቱ ቢመለስ ስለ የትኛው ፍየል ቀድሞ እንደሚያወራ ታቅዳለች። እኔም ምን ነካት ብዬ ስገረም ሰነበትኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ ሚጣ ራሷ መጣች። ኮት የለ ምን የለ፤ አንዲት ቦርሳ አንግታ፣ ጫማዋ አቧራ ጠጥቶ። እኔ ግቢ ውስጥ የአዳራሹ ባትሪ ላይ ውኃ እጨምራለሁ፣ ሚስቴ አንሶላ ታሰጣለች። ተሳሳሙ።

"ምነው ሳትነግሪን?" አለች ሚስቴ።

"እትዬ፣ ዝግጅቱ ሊቆም ነው። ሕዝቡ አልወደደውም ተባለ።"

"ውይ!" አለች ሚስቴ። ውይ ያለችበት ፍጥነት ለኔም ደስ አላለኝም።

ሚጣ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "ቅጂውን አሰሙኝ" አለች። "ቋንቋውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ትርጉሙ ትክክል መሆኑን አረጋግጪልን ብለው እኔኑ አስቀመጡኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት።"

ሚስቴ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመች። ውኃው እግሯ ላይ ይንጠባጠባል።

"ባለመነጽሯ ገርሟት ነበር" አለች ሚጣ። "ሰዎቹ እየሳቁ ነው እንዴ የሚያማርሩት? አለችኝ።"

"አንቺስ ምን አልሻት?"

"የኛ ሰው ሲከፋው ይስቃል አልኳት። አስተርጓሚዋ ያለችው በሙሉ ትክክል ነው አልኳት።"

እኔ ጀሪካኑን አስቀመጥኩ።

"ለምን?" አለች ሚስቴ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ።

"ታዲያ እህቴ ዋሽታለች ልበል? ዳግመኛ አዳራሹ ደጃፍ ያስደርሱሻል? እኔ ወጣት ነኝ፣ የወረቀት ሥራም ቢሆን አላጣም። አንቺ ያንን ቦታ ካጣሽ ምን ትሆኛለሽ?" ሚጣ ይህን ስትል አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። የመጣችው ለወቀሳ አልነበረም። ዝግጅቱ መቆሙን ከሌላ ሰው ሰምታ እንዳትደነግጥ ልትነግራት ነው የመጣችው።

አሁን እግሯ ላይ ትወድቃለች፣ ይቅር በይኝ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሚስቴ ግን ፊቷ በርበሬ መሰለ።

"በዚህም በለጥሽኝ!" ብላ ጮኸች። "ጸጉርሽ አማረ፣ ዝም አልኩ። ሰው ጆሮውን ሰጠሽ፣ ቻልኩ። ልጅ በስምሽ ተጠራ፣ ዋጥኩት!" ይህ ሁሉ ሐሰት ነው፤ አንድም ቀን ዝም ብላ አታውቅም። "አሁን ደግሞ ጥሩ ሰው መሆኑንም አንቺው ልትወስጂው? እኔ ክፉ እህት ሆኜ፣ አንቺ እንደ መልአክ እየታየሽ ልንኖር? አታደርጊውም!"

አንሶላውን ሚጣ ጭን ላይ ወርውራ፣ "አስጪ ይሄን!" አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ስትወጣ የመንገድ ልብሷን ለብሳለች።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ከተማ። ያቺን ባለመነጽር አናግራታለሁ።"

ሚጣ ተነስታ እጇን ያዘች፤ "እትዬ ተይ፣ ያባርሩሻል" እያለች ለመነች። ሚስቴ እጇን መነጨቀች። አብረው ወረዱ፤ ከኮረብታው ግርጌ አውቶቡስ እስኪሳፈሩ ድረስ ሲጨቃጨቁ ይሰማኝ ነበር። አንደኛዋ እነግራለሁ ትላለች፣ ሌላዋ አትነግሪም ትላለች።

ሚስቴ የተመለሰችው ብቻዋን ነው። ቦርሳዋን አስቀምጣ በሩ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ሰጠኋት።

"ምን አሉሽ?"

"ያሉትን አንድ በአንድ እንደገና ተረጎምኩላቸው። የአሻፈረኝንም፣ የሽማግሌውንም። ትረፍ ያሉኝንም ሳይቀር።" ሻዩን ፉት አለች። "ዝግጅቱ ይቀጥላል። እኔን ከሥራው አነሱኝ። ከእንግዲህ እዚህ ቢመጡም በኔ በኩል ሰው አያናግሩም።"

ያ ቦታ ለእሷ ምን እንደነበረ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። "ሚጣስ?" አልኳት።

"አለቀሰች። ሰው ሁሉ ባለበት አቅፋኝ፣ እትዬ እኔ ብሆን ይህን አላደርገውም ነበር እያለች አለቀሰች።"

"አንቺስ?"

"እኔማ ምን አስለቀሰኝ" አለች ሚስቴ። ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር። "እስከ ዛሬ እኔ ቀናሁ፤ እስቲ አሁን ደግሞ እሷ ትቅናብኝ።"